ለስፌት የሚተው

ሂርማታ ገበያ፣ ከጨርቅ ተራው ዳር፣
ዝናብ ቆርቆሮዬን፣ እንደ አበዳሪ የባለዕዳን በር
ሲደበድብ ውሎ፣
ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደ ሻሽ ተጥሎ፣
የሰው ደረት ስለካ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤
የኔን ደረት ግን ሌላ ሰው ለካልኝ።

"አሥራ ሁለት ሚሊ" አሉ ዶክተር ፈይሳ፣
ዓይናቸው ከስክሪኑ ሳይነሣ።

አሥራ ሁለት ሚሊ!
ይህችንማ አውቃታለሁ፤
በየቀሚሱ ጎን፣ በየእጅጌው ጫፍ፣ ለስፌት እተዋታለሁ።
ከውስጥ ትደበቃለች፣ ከልብሱ አትቆጠርም፤
ያለሷ ግን የትኛውም ልብስ አይቆምም።

መርፌ ለኔ ብርቅ አይደለም፤
ያኛው መርፌ ግን ክር አልነበረውም፤
ገባ፣ ቆረሰ፣ ወጣ፤
የወጋውን አልሰፋውም።
ቁራሼን ብልቃጥ ውስጥ አርገው፣
"ዙበይዳ አባፊጣ" ለማለት "አባፊት" ብለው ጽፈው
ወሰዷት።
በዚያች አንዲት ፊደል ስንት ሌሊት አደርኩ!
ምናልባት የሌላ ሰው ናት ብዬ ተመኘሁ፤
ወዲያው ያቺን ሌላ ሰው አሰብኩና አፈርኩ።

ወረቀቱ መጣ።
ክፉ ነው አይልም፣ ደግ ነው አይልም።
"ከተለመደው የወጡ ሴሎች ታይተዋል" ይላል፤
ወጥተው ወዴት እንደሄዱ አይናገርም።
ሌላ ምርመራ አለ፤ ሃያ አንድ ቀን ቆይተሽ፣
ረቡዕ ሁለት ሰዓት ነይ፣ ካርድሽን ይዘሽ።

ዶሮ እንኳ ሃያ አንድ ቀን ከታቀፈች
ምን እንደሚፈለፈል ታውቃለች።
እኔ የታቀፍኩትን አላውቅም።

ስልኬ በጮኸ ቁጥር መቀሴ ከእጄ ይወድቃል።
"ውድ ደንበኛችን" ይለኛል ቴሌ።
ደግሞ ሌላ ጥሪ፤ አንዷ ስለ ተበላሸ ዚፕ ትሰድበኛለች፤
ስድብ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ለሙዘይን "ትከሻዬን ነው" አልኩት።
ቅባት ገዝቶ መጣ፤
ምንም ያልሆነ ትከሻዬን ሲያሽልኝ አመሸ፤
አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ የፈራው ቦታ
ዝም አለ።

ሌሊት እጄ ሌባ ነው፤
እንቅልፍ ሲያሸልበኝ ተነሥቶ ይሄዳል፣
እዚያች ቦታ ይደርሳል፣
"አደገች? አነሰች?" እያለ ይመዝናል።
ተቀመጥኩበት።
እውነቴን ነው፤ እስኪደነዝዝ እጄ ላይ ተቀመጥኩ።

ለነጂያ ብቻ ነገርኳት፤
ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ አመጣች፣
ማር ማሩን በላሁት።
ጅማ ሲዘንብ አያፍርም፤ ሲያባራ ግን፣ አመሻሽ ላይ፣
እስከ አዌቱ ድልድይ እሄዳለሁ።
ወንዙ ድፍርስ ነው፤ ፌስታልና ቅጠል ይዞ ያልፋል፤
ምንም ምክር የለውም።
ምክር የሌለው ነገር ደስ ይለኛል ሰሞኑን።
ተመልሼ አሮጌ ልብስ እተረትራለሁ፤
የተረተርኩትን እሰፋለሁ፤
ቀኑ እንዲህ እንዲህ ያልፋል፣ ክር በክር።

ትናንት ረምላ መጣች፣ ልትሞሸር ነው፤
ሁለት እጇን ዘረጋች፣
ሜትሬን በጀርባዋ አዙሬ ከፊት አገናኘሁት።
"ስንት ሆነ?" አለች እየሳቀች።
ቁጥሩ ዓይኔ ውስጥ ዋኘ፣ ማንበብ አቃተኝ፤
"ሙሉ ነው" አልኳት።
ሙሉ ነው፤ አላህ ይጠብቀው።

ነገ ረቡዕ ነው።
ለዒድ ያስቀመጥኩትን አረንጓዴ ጨርቅ አወጣሁ፣
ለራሴ ቆረጥኩ።
እኩሌታው ላይ መብራት ሄደ።
ሲንጀሬ የእግር ናት፣ መብራት ጠይቃ አታውቅም፤
ስልኬን አብርቼ እሰፋለሁ፤
በዚህ ሰዓት ሐኪም አይደውልም።

ለጎኑ የተውኩት አሥራ ሁለት ሚሊ አይደለም፤
አራት ጣት ነው፣ በዚህም በዚያም፤
ብከሳ ላጠበው፣ ብወፍር ልፈታው፤
ነገም ከነገ ወዲያም
የትኛዋም ዙበይዳ ብትመጣ
ቀሚሱ "አላውቃትም" እንዳይል።

ሙዘይን በጨለማው ነቃ።
"ትከሻሽስ?" አለኝ።
መርገጡን አቆምኩ።
"ና፣ እዚህ ቁጭ በል" አልኩት።